ክታብ ውስጥ የተሰፉ ጥርሶች

ማስታወቂያው የተለጠፈው ቀበሌው በር ላይ፣ ከስኳር ወረፋው ማስታወቂያ ጎን ነበር። ባንቺአየሁ ደሞዝ ያየችው ስኳር ልትወስድ ሄዳ ነው። አንዴ አነበበችው፤ ደገመችው፤ ከዚያ ምንም እንዳላነበበ ሰው ዐይኗን ወደ ወረፋው መለሰች። በዚያ ዘመን ሰው ደስ የሚለውም ግራ ቀኙን ቃኝቶ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች በጥርስና በድድ ጤና አጠባበቅ ለአንድ ዓመት እዚሁ ባሕር ዳር ይሠለጥናሉ ይላል። ክፍያ የለም። ምሳም ይሰጣል። ፈተናው ሐሙስ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ጤና ጣቢያ ነው።

ትምህርት ቤት ከጨረሰች ወዲህ ስትፈልግ የኖረችው ይህንኑ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ ውጤቷ ጥቂት ጎደለ። አዲስ አበባ የጥርስ ጤና ሥልጠና እንዳለ ሰማች፤ ግን አዲስ አበባ ለመማር ማደሪያ ያስፈልጋል፤ ማደሪያ ዘመድ ይፈልጋል፤ ዘመድ የሌለው ይከራያል፤ የአባቷ የፋብሪካ ደመወዝ ደግሞ ወሩን ራሱን የሚጨርሰው እየተንፏቀቀ ነው። ሌላ ቦታ ስትጠይቅ ዋስ አምጪ አሏት። እና "ክፍያ የለም" የሚለው ቃል ሊያስፈነድቃት ይገባ ነበር። ያስፈራት ግን እሱው ነው።

ባለፈው ክረምት እዚያው በር ላይ "ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ይመዝገቡ" ተብሎ ተለጥፎ ነበር። የተመዘገቡት ተጠርተው አዳራሽ ገቡ። አዳራሹ የኋላ በር ነበረው፤ የኋላው በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ በጧት ቁርሱን ሳይጨርስ እንደወጣ በዚያው ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሰፈራቸው የሹም አቦ ሰው "ነፃ" የሚባል ነገር ሲሰማ በሩን ይዘጋል።

ለምን ጥርስን መረጠች ለሚል፣ ነገሩ ከአባቷ ይጀምራል። ደሞዝ በሥራ ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ዘይት ይቀባል፤ እሑድ እሑድ ግን ግቢው ካለው ማንጎ ሥር ጥርስ ይነቅላል። ጉጠቱን ከአባቱ ወርሶ ከዱርቤቴ ይዞት የመጣ ነው። ጉንጩ ያበጠ ሁሉ ይመጣል፤ ደሞዝ ይነቅላል፤ ባንቺአየሁ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የሰዉን ጭንቅላት ከኋላ ትይዛለች። እንዲህ እያየች ነው አንድ ነገር የገባት፤ ከሚነቀለው ጥርስ ብዙው መነቀል አልነበረበትም። ድዱ በጊዜ ቢጸዳ ኖሮ ጥርሱ ባልተነቃነቀ። አባቷ ነቃይ ነው፤ እሷ ደግሞ ጥርስ እንዳይነቀል የምታደርግ መሆን ፈለገች። ስትነግረው "እኔን ሥራ ልታስፈችኝ ነው?" ብሎ ሳቀ። ሳቀ እንጂ አልከለከላትም።

አሁን ግን እነሱ ቤት ስለ ጥርስ ማውራት ቀርቷል። ምክንያቱ አለበል ነው።

አለበል የእናቷ ልጅ ነው፤ በሁለት ዓመት ታናሿ ነው፤ ሆድ እንጂ አባት አይጋሩም ብሎ መናገር ግን አይበቃም፤ ነገሩ ትንሽ ጠመዝማዛ ነው። እናታቸው የብርጓል መጀመሪያ ደሞዝን አግብታ ባንቺአየሁን ወለደች፤ ተጣልተው ተፋቱ፤ በዘጌ በኩል ያሉ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ አገልጋይ አግብታ አለበልን ወለደች፤ እሳቸው ሲያርፉ ሽማግሌ ገብቶ ከደሞዝ ጋር ታረቀች። ደሞዝም ልጁን ከእነ እናቱ ተቀብሎ እንደ አብራኩ ክፋይ አሳደገው። አለበል "ጋሼ" ይለዋል። አሁን ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል፤ በየመንገዱ ደግሞ አፈሳ ነው።

ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ከዘጌ ማገዶ የጫነ ታንኳ የሚራገፍበት ዳርቻ ላይ ተወራ፤ ገበያ ገባ፤ በየቤቱ ደረሰ። የፊት ጥርስ የሌለውን ወጣት አይወስዱም፤ የቦምብ ቀለበት የሚነቀለው በጥርስ ነውና ጥርስ አልባ ምን ያደርግላቸዋል፤ ይህ ነው ወሬው። ለተጨነቀ ሰው ደግሞ ወሬ ሁሉ ወንጌል ነው። የብርጓል አመነች።

ደሞዝ እንቢ አለ። "ጤነኛ ጥርስ ነቅዬ አላውቅም። አባቴም አልነቀለ።"

"ጤነኛ ልጅስ ቀብረህ ታውቃለህ?" አለችው።

ደሞዝ ጉጠቱን ከተሰቀለበት አወረደ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተዘጋ፤ ሬዲዮው ከፍ ተደረገ፤ ባንቺአየሁ የወንድሟን ጭንቅላት ከኋላ ያዘች። ከላይ የፊቶቹ ሁለቱ ናቸው። የታመመ ጥርስ እሺ ብሎ ይወጣል፤ ጤነኛው ግን ከአጥንት ጋር ተሟግቶ ነው የሚለቅ። አለበል አልጮኸም፤ እግሩ ብቻ መሬቱን ደበደበ። ደሞዝ እንደጨረሰ ጓሮ ዞሮ አስመለሰ።

የብርጓል ጥርሶቹን በጨው ውኃ አጠበቻቸው። እሷ ባደገችበት ቤት፣ ከካህናቱ ዘንድ፣ ከሰው ገላ የወጣ አጥንት አይጣልም፤ ሙታን ሲነሡ ሰው አካሉን አሟልቶ ይነሣልና ጥርሱም ከባለቤቱ አይርቅም። እና አለበል ከልጅነቱ ጀምሮ አንገቱ ላይ ያሰረውን የቆዳ ክታብ ተረተረችው፤ ጥርሶቹን ከጽሑፉ ጋር ጠቅልላ መልሳ ሰፋችው።

"አንች ሴት፣ ያን ነገር ቅበሪው" አላት ደሞዝ።

"አንተ ነቀልህ፤ እኔ ደግሞ እሰፋለሁ። የልጄ አካል ነው።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ድዱ እንኳ በወጉ ሳይሽር፣ ቅዳሜ ጧት ዳርቻው ላይ ማገዶ ሲያራግፍ አፈሱት። ያየ ጎረቤት እንደነገራቸው፣ አለበል አፉን ከፍቶ ባዶውን ቦታ እያሳየ ነበር መኪናው ላይ የተጫነ። ወታደሮቹ ሳቁ አሉ።

ወዲያው ሌላ ወሬ ተከተለ። ሆን ብለው ጥርሳቸውን ያስነቀሉ እየተለዩ ነው፤ እንደ ከሐዲ ይቆጠራሉ፤ ነቃዩም ይፈለጋል። የከሐዲ መጨረሻ ምን እንደሆነ በዚያ ከተማ ማንም አይጠይቅም ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋላ! ደሞዝ ጉጠቱን ማንጎው ሥር ቀበረው። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ይደነግጣል።

ረቡዕ ማታ ራት ላይ የብርጓል "አትሂጅ" አለች። "ወጥመድ ነው። አንዱን ወስደዋል፤ አንችን ደግሞ በእግርሽ ልስደድላቸው?"

"አንዴ ተመዝግባለች፤ ቀበሌው ደግፎ ስሟን አስተላልፏል" አለ ደሞዝ ዝግ ብሎ። "ብትቀር ለምን ቀረች ይላሉ። ሊጠይቁ ቤት ይመጣሉ። ቤት ከመጡ ማንጎው ሥር ያለው አፈር አዲስ ነው።"

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ፈርተዋል። ባንቺአየሁ ከሁለቱም የተደበቀ ሌላ ነገር ነበራት፤ ትምህርቱን ትፈልገው ነበር። ወንድሟ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ እሷ ትምህርት መመኘቷ አሳፈራት። አፈረችም ፈለገችም።

"እሄዳለሁ" አለች።

ሐሙስ ጧት ሐይቁ እንደ ወትሮው ነበር፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ጤና ጣቢያው ፈተና ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የፈለገችው የኋላ በር ነው። የኋላ በር የለውም። ትንሽ ተነፈሰች። የጽሑፉ ጥያቄ አልከበዳትም፤ ድድ ለምን ይደማል፣ ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ምን ያመጣል፤ ማንጎው ሥር ያደገ ሰው የሚያውቀው ነው። ከዚያ ተፈታኞች አንድ በአንድ ለቃል ፈተና ተጠሩ።

የሚፈትኑት ዶክተር አምሐ ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው የማያልፍ ሰው። የጥርስ ማከሚያው ወንበር አጠገብ አቆሟት።

"ለምን ይህን ሙያ ፈለግሽ?"

"ሰው ጥርሱን ሳይነቀል እንዲያረጅ ብዬ ነው።"

ቀና ብለው አዩዋት። "ጥርስ ሲነቀል አይተሻል?"

"ያላየ ማን አለ፣ ዶክተር" አለች።

ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ ውጭ የመኪና ሞተር ድምፅ መጣ፤ በሩም ሳይንኳኳ ተከፈተ። ካኪ የለበሰ ሰው ገባ፤ ወጣቶችን ለውትድርና የሚመለምለው ጓድ አዘዘ ነው። ከኋላው ሁለት ወታደሮች አንድ ወጣት በመካከላቸው ይዘዋል።

አለበል ነው። ባንቺአየሁ አየችው። እሱም አያት፤ አይቷት ግን ዐይኑን ወዲያው ወደ መስኮቱ አዞረ። ትንሹ ወንድሟ ነው ቀድሞ የነቃ። እሷም ዐይኗን ወደ መሣሪያው ትሪ ሰበረች።

"ጓድ ዶክተር፣ ሥራ አመጣሁ" አለ አዘዘ። "ይህ ልጅ ጥርሴን አሞኝ ነው ያስነቀልሁት ይላል። አንገቱ ላይ ደግሞ ይህን አገኘሁ።" የተቀደደ ክታብ ከኪሱ አውጥቶ ትሪው ላይ አራገፈ። ሁለት ጥርሶች ብረቱ ላይ ወደቁ። እንደ ወተት ነጭ ናቸው። "የታመመ ጥርስ እንዲህ ነው እንዴ?"

ዶክተር አምሐ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። "እስቲ ልመልከተው..."

"እርስዎ አይደሉም። ባለፈው ሳምንት ያመጣሁትን ሁሉ በሽተኛ አሉብኝ። ርኅራኄዎ በዛ።" አዘዘ ወደ ባንቺአየሁ ዞረ። "ይቺ ማን ናት?"

"ተፈታኝ ናት።"

"ስምሽ?"

"ባንቺአየሁ ደሞዝ።"

"ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?"

"ዐይኔን ግንባር ያርገው!" አለች፤ ፈገግ ብላ። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ሆድ ሲቃጠል እሱ ይስቃል። የአባታቸው ስም ለየቅል መሆኑን በዚያች ቅጽበት አመሰገነች፤ እናቷ ተፋትታ በመታረቋ እግዜርን ስታመሰግን ያ የመጀመሪያዋ ነው።

"እንግዲያው አንቺ ፈተናሽን ከእኔ ጋር ጨርሺ። ጥርሱ ጤነኛ ነው ወይስ የታመመ? ጤነኛ ከሆነ ይህ ከሐዲ ነው፤ የነቀለለትንም አወጣዋለሁ።"

ጤነኛ ነው ብትል ትክክል ትመልሳለች፤ ወንድሟ ይሞታል፤ አባቷም ይከተላል። የታመመ ነው ብትል ዐይን ያለው ሁሉ ነጭነቱን ያያል፤ ውሸታም ማን ናት፣ የማን ልጅ ናት ይባላል፤ ከዚያ ዱካው ማንጎው ሥር ያደርሳል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። አንዱን ጥርስ አነሣች። ታውቀዋለች፤ ሲበቅል አይታዋለች፤ አለበል በዚህ ጥርስ ሸንኮራ ሲልጥላት ነው ያደገችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

"ጥርሱ ጤነኛ ነው" አለች።

አለበል ዐይኑን ጨፈነ። አዘዘ እጁን ወደ ወታደሮቹ ማንሣት ጀመረ።

"ጥርሱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ድዱ ነው" ብላ ቀጠለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። "ቤት የሚፈርሰው ሁልጊዜ ምሰሶው ነቅዞ አይደለም፤ አፈሩ ሲከዳውም ይወድቃል። ድድ ሲታመም ነጩ ጥርስ በምላስ ይነቃነቃል። ሰውየው እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ያስነቅለዋል።"

አዘዘ አያት። "ድዱን አሳዪኝ።"

ወደ ወንድሟ ቀረበች። "አፍህን ክፈት" አለችው እንደ ባዳ። ከፈተ። ባዶው ቦታ ገና ቀይ ነበር፤ የመነቀሉ ቁስል ነው፤ አዘዘ ግን ይህን አያውቅም። ባንቺአየሁ ጣቷን አስገብታ ጫን አለችው፤ ጠንከር አድርጋ ጫነችው። አለበል ከጉሮሮው አቃሰተ። ደም መጣ። ሳታለቅስ እንዴት እንደቻለች ለራሷም ገርሟት ይኖራል።

"ይኸው፤ ሲነኩት የሚደማ ድድ" አለች።

ሁሉም ወደ ዶክተር አምሐ ዞሩ። እሳቸውም የሚያዩትን ያውቃሉ። አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ያበቃል፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ላብ ከግንባራቸው በአፍንጫቸው ወረደ።

"ትክክል ነው" አሉ በዚያች በማትሰማ ድምፅ። "የድድ በሽታ እንዲህ ነው።"

አዘዘ ደሙን አየው። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። "ደግ። ከሐዲ አይደለም እንግዲያው።" ባንቺአየሁ ደም የነካውን ጣቷን ጠረገች። "ከሐዲ ካልሆነ ጓዶቹ መኪናው ላይ እየጠበቁት ነው፤ ይሂድ።"

"ጥርስ የለውም እኮ!" አሉ ዶክተር አምሐ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

"የሚተኮሰው በጣት ነው፣ ጓድ ዶክተር።" አዘዘ ሳቀ። "ቦምብ በጥርስ የሚነቀለው ሲኒማ ቤት ነው። ይህን ወሬ ማን እንዳወራው ባገኘሁት!" ከትሪው አንዱን ጥርስ አንሥቶ አለበል መዳፍ ላይ ጣለው። "እንካ፣ መታሰቢያ።"

አለበል መዳፉን ጨበጠ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። በጎደለው ጥርሱ በኩል ቃሉ እያመለጠው "እግዜር ይስጥሽ፣ እቴ" አለ፤ አገር ሁሉ ለማያውቃት ሴት እንደሚለው። መኪናው ተነሣ። ድምፁ የከተማውን መውጫ ድልድይ አልፎ ጠፋ።

"አልፈሻል" አሉ ዶክተር አምሐ፣ እያዩዋት ሳይሆን ጠረጴዛውን እያዩ። "ትምህርት ሰኞ ይጀመራል።"

ቤት ስትደርስ ሁለቱም ወላጆቿ በር ላይ ቆመው ነበር።

"አለበልን አየሁት" አለች። "በሕይወት አለ።"

የብርጓል ደረቷን ያዘች። "ለቀቁት?"

"ወሰዱት።"

"ያለ ጥርሱ?"

"ያለ ጥርሱ፣ እማዬ።"

ደሞዝ እጆቹን አያቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ማንጎው ሥር ሰው አስቀምጦ አያውቅም፤ ጉጠቱንም አላወጣው፤ ጉንጩ ያበጠ ሲመጣ "ትቻለሁ" ብቻ ነው የሚል። የብርጓል ግን አላለቀሰችም። "አንችስ?" አለች።

"አለፍሁ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለቻት፣ ለቅሶ ቤት "እግዜር ያጥናሽ" በሚባልበት ድምፅ።

ሰኞ ትምህርት ተጀመረ። ዶክተር አምሐ የብረት ትሪ ይዘው ገቡና በጨርቅ የተሸፈነውን ገለጡት። ሐሙስ ትሪው ላይ የቀረው አንዱ የፊት ጥርስ ነው። የሚያሳዩት ሌላ አጥተው ይሁን ወይም ሌላ ነገር አስበው፣ ባንቺአየሁ እስከ ዛሬ አታውቅም።

"ይህ ምን ዓይነት ጥርስ ነው?" አሉ፤ ዐይናቸው ዞሮ እሷ ላይ አረፈ።

ተነሣች። ተማሪው ሁሉ ያያታል። "ጤነኛ ጥርስ ነው" አለች።

"ትክክል ነው።"

ሌሎቹ ሲወጡ ዶክተሩ ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ። ባንቺአየሁ ጥርሱን በፋሻ ቁራጭ ጠቅልላ ይዛው ወጣች።

የብርጓል ፋሻውን ፈታ አየችው። ሳመችው። ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።

"ሌላውስ?" አለች።

"ከእሱ ጋር ነው። ይዞት ሄዷል።"

የእናቷ ፊት ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ አለ። "እንግዲያው ይመጣል! አንዱ እዚያ አንዱ እዚህ ሆኖማ አይቀርም። ሰው አካሉን ትቶ የት ይሄዳል? አይመጣም ትያለሽ?"

"ይመጣል እማዬ" አለች ባንቺአየሁ። አዘዘ ፊት ቆማ ከተናገረችው ይልቅ ይህን መናገር ከበዳት።